ስልኩ ጮክ ብሎ ያነበበው ቁጥር፦ ከመንዝ ላይቭ የምትገባ የአንዲት ዓይነ ስውር ጉዳይ

ባለጉዳይዋ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ካሉት ከተሞች በአንዷ የምትኖር ሱፍ ፈታይ ናት። ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ አያይም። ማንነቷን የሚያስለይ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ወጥቷል ወይም ተቀይሯል። የበግ ጸጉር አጥባና አፍታታ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ክሩ ለባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና ለበርኖስ (የሱፍ ካባ) ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ማታ ማታ በቲክቶክ ላይቭ ትገባለች። እንዝርቷ ሳይቆም እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፣ ተመልካቹ በኮመንት ይመልሳል፣ ያቃተው «ሀገር» ይሰጣታል። ገቢዋ ሦስት ነው፦ የላይቭ ጊፍት፣ በቴሌግራም የሚታዘዝ ባና እና በርኖስ፣ እንዲሁም ፕሮፋይሏ ላይ በተጻፈው የቴሌብር ቁጥር ወዳጆች የሚልኩት። ስልኳ አንድሮይድ ሲሆን ቶክባክ በተባለው ስክሪን አንባቢ ትገለገላለች። አማርኛውን የሚያነብላት ኢስፒክ የተባለው ነፃ የድምፅ ፕሮግራም ነው።

አንድ ምሽት ላይቩ በደመቀበት ሰዓት አንድ ሰው በሌላ ስልክ የቲክቶክን «ፓስዎርድ ረሳሁ» ከፈተና ፕሮፋይሏ ላይ በይፋ የተጻፈውን ቁጥር አስገባ። የቲክቶክ አካውንቷም የተከፈተው በዚሁ ቁጥር ስለነበር የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ መጣላት። ቶክባክ የመጣውን መልእክት ማንበብ ሥራው ነውና አነበበው። ድምፁ በስፒከር ይወጣ ስለነበር ማይኩ ሰበሰበው፤ አሃዞቹ አንድ በአንድ ለተመልካቹ ሁሉ ተሰሙ። እሷ የማስታወቂያ መልእክት መስሏት «እንቆቅልሽ» ብላ ቀጠለች። ጥቂት ሳይቆይ ላይቩ ተቋረጠ።

በማግሥቱ ፕሮፋይሏ ላይ የሰው የባንክ ሒሳብ ተጽፎ ተገኘ። ከድሮ ቪዲዮዎቿ አንዱ ተቆርጦ «ለዓይኔ ሕክምና ድረሱልኝ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ይህች ሴት ለሕክምና ብላ ማንንም ጠይቃ አታውቅም፤ ስታቀርብ የኖረችው ሥራዋንና ጨዋታዋን ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገባት በራሷ ፊትና በራሷ ድምፅ ለማኝ ተደርጋ መቅረቧ ነበር። እኛም የጉዳዩ ዋና ጉዳት ይህ ነው እንላለን።

ክፍተቱ የት ነበር

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምክር «ኮድ ለማንም አትንገሪ» የሚል ነው። እሷ አልተናገረችም፤ የተናገረው ስልኩ ነው። ለሚያይ ሰው የተጻፈ የጥንቃቄ ምክር ለስክሪን አንባቢ ተጠቃሚ ሳይበቃ የሚቀረው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ለሚያይ ሰው በስክሪን ጥግ ብልጭ ብሎ የሚያልፈው ነገር ለእሷ በድምፅ ይወጣል፤ ላይቭ ላይ ደግሞ ድምፅ ሁሉ የሕዝብ ነው። የባንክ ቀሪ ሒሳብ፣ የቤተሰብ መልእክት፣ የደንበኛ አድራሻም በዚሁ መንገድ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ክፍተት አንድ ቁጥር ለሁሉም መዋሉ ነው። ገንዘብ የሚቀበለው፣ ቲክቶኩ የተከፈተበት፣ ቴሌግራሙም የተመዘገበበት ያው ቁጥር ነበር። የገንዘብ መቀበያ ቁጥር ከባሕርዩ በአደባባይ የሚጻፍ ነው። የአካውንት መክፈቻ ቁጥር ደግሞ ማንም ሊያውቀው የማይገባ ቁልፍ ነው። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ሌባው ግማሹን መንገድ ሳይደክም ተሻገረ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ላይቩን የሚጠብቅላት ረዳት አልነበረም። ኮዱ ሲነበብ የሰሙ ብዙ ተመልካቾች «ኮድ ተሰማ!» ብለው በኮመንት ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ኮመንት በፍጥነት በሚወርድበት ጊዜ ቶክባክ እያንዳንዱን ተከትሎ አያነብም፤ በጣት እየጠረጉ መፈለግን ይጠይቃል። እጇ ደግሞ እንዝርት ላይ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፤ ለእሷ ግን አልደረሰም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ሲሙ በእጇ መሆኑ ጠቀማት። ሌባው ቁጥሯን ከአካውንቱ ለመንቀል ሌላ ኮድ ያስፈልገው ነበር፤ ላይቩ ከተቋረጠ ወዲህ ግን የሚሰማበት መንገድ አላገኘም። የጎረቤት ልጅ «እትዬ፣ ቶሎ ፓስዎርዱን እንቀይረው» ብሎ በኤስኤምኤስ ኮድ አስመልሶ ቀየረላት። የዚያኑ ዕለት ማታ አካውንቱ እንደገና ተወሰደ። ሌባው ገብቶ በቆየባቸው ሰዓታት የራሱን ኢሜይል አስመዝግቦ ስለነበር «ረሳሁ» ብሎ በኢሜይሉ ተመልሶ ገባ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በሁለተኛው ዙር የተሠራው እንዲህ ነው። ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በቁጥሯ ኮድ አስመጥታ አዲስ ፓስዎርድ አስገባች። ሳትወጣ ወዲያው በአካውንቱ የተመዘገበውን ኢሜይል ተመለከተች፤ የእሷ ያልሆነውን አስወጥታ የራሷን ተካች። ቀጥላ አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር ከፍታ ከራሷ በቀር ያለውን ሁሉ አስወጣች። ከዚያ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከፓስዎርድ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አበራች። ለተመልካች «ተመልሻለሁ» ብላ ያወጀችውና የሌባውን ቪዲዮ ያጠፋችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከማወጁ ነው፤ ይህም ሌባው ነቅቶ የቀረውን በር እንዲጠቀም ጊዜ ይሰጠዋል። የሌባው ቪዲዮና የባንክ ሒሳቡም ከመጥፋታቸው በፊት በስክሪን ሪከርድ ተይዘዋል።

ቴሌግራም ላይም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል፦ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ተጨማሪ ፓስዎርድ ተደረገ፣ ከዚያም የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ታዩ። የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ቴሌግራሙ ቀድሞ በተከፈተበት ስልክ ውስጥ እንደ መልእክት ስለሚመጣ እሱንም ቶክባክ ሊያነበው ይችላል። ተጨማሪው ፓስዎርድ ካለ ግን ኮዱ ቢሰማ እንኳ ብቻውን በር አይከፍትም። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሯም ተቀየረ።

በሌባው ሒሳብ ገንዘብ ያስገቡ ሰዎች ነበሩ። ይህን እሷ ልትከታተልላቸው አልቻለችም፤ ከሒሳቡ ገንዘቡ የወጣበት ሰው ራሱ ደረሰኙን ይዞ ባንኩ ዘንድ ማመልከት ነበረበት። እሷ ያደረገችው በድምፅዋ አጭር ቪዲዮ ቀርጻ የትኛው ሒሳብ የእሷ እንዳልሆነ መናገርና የላኩት ሰዎች እንዲያመለክቱ መለመን ነበር።

ሁለት ሲም፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ

ለዘለቄታው መጀመሪያ የታሰበው ቀላል ነገር ነበር፦ አዲስ ሲም በባለ ቁልፍ ስልክ ላይ አድርጎ ኮድ ሁሉ ወደዚያ እንዲመጣ። አልሠራም። ባለ ቁልፍ ስልኩ መልእክት አያነብላትም፤ ኮድ በመጣ ቁጥር የሚያነብላት ሰው ልትፈልግ ነው። ቁልፏን ከሌባ አድኖ ለጎረቤት ማስረከብ መፍትሔ አይባልም።

የሠራው ሁለቱንም ሲም በአንድ ስልክ ማድረግ ነው። አንደኛው ሲም የድሮው ቁጥር ነው፤ ቴሌብርና ጥሪ በእሱ ቀሩ። ሁለተኛው ለማንም ያልተሰጠ አዲስ ቁጥር ሲሆን ቲክቶክና ቴሌግራም ወደ እሱ ተዛወሩ። ላይቭ ከመግባቷ በፊት በስልኩ ማስተካከያ ሁለተኛውን ሲም ታጠፋዋለች። ሲሙ ከጠፋ ኮድ ሊመጣ አይችልም፤ ላይቩ አልቆ ስታበራው ቢመጣም ጊዜው አልፎበታል። ለአንደኛው ሲም ደግሞ የኤስኤምኤስና የቴሌግራም ማሳወቂያ ላይቩ እስኪያልቅ ይዘጋል። ማሳወቂያ ሲዘጋ መልእክቱ አይጠፋም፤ በኋላ ገብታ ታነበዋለች።

የጆሮ ማዳመጫው ባለ ሽቦ ነው፤ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰካል። ብሉቱዙ ተሞክሮ ተትቷል፦ ቻርጁ ሲያልቅ ድምፁ ሳይታሰብ ወደ ስፒከር ይመለሳል፤ ያ ቅጽበት የመጀመሪያውን ችግር እንዳለ ይደግመዋል። ፓስዎርድ ሲጻፍ ፊደላቱን ጮክ ብሎ የሚናገረው ምርጫም ጠፍቷል።

ኮድ የሚያመነጭ አፕ ለመጠቀምም ተሞክሯል። ኮዱ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ቶክባክ አሃዞቹን አንብቦ፣ እሷ ወደ ቲክቶክ ተመልሳ እስክታስገባ አንዳንዴ ያልፍባታል። ኮዱን ሁለቴ ነክቶ በመያዝ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ይሻላል፤ እሱን የለመደችው ግን ቀስ ብላ ነው።

በእያንዳንዱ ላይቭ መጀመሪያ ላይ የሚደረግ አንድ ፍተሻ አለ፤ እንዳይዘለል አጥብቀን እንመክራለን። ላይቩ በተከፈተ በመጀመሪያው ደቂቃ አንድ ረዳት በራሱ ስልክ ላይቩን ከፍቶ እያዳመጠ ተራ ኤስኤምኤስ ይልክላታል። በላይቩ የተሰማ ነገር ካለ የተረሳ ነገር አለ ማለት ነው። እግረ መንገዱን ምስሉን ያያል። ስልኩ የሚቆምበት ቦታ ወለሉ ላይ በእጅ በሚዳሰስ ፕላስተር ተለይቷል፤ ከኋላዋ ደግሞ ባና ተሰቅሏል። ከመሰቀሉ በፊት ግድግዳው ላይ የልጅ ሰርተፊኬት ከነትምህርት ቤቱ ስም፣ በሩ ላይ የቤት ቁጥር ይታይ ነበር። ይህን ስንት ሰው አይቶ ዝም እንዳለ ማሰብ ያማል።

ቦታ በጨዋታም ይወጣል። አንድ ተመልካች እንቆቅልሹ ያቃተው መስሎ «ሀገር ከምሰጥሽ አንቺ ሰፈርሽን ስጪኝ» እያለ ደጋግሞ ሲያባብላት ነበር። አሁን በላይቩ ላይ የሚሰጠው ሀገር ከሰሜን ሸዋ ውጪ ብቻ እንዲሆን ራሷ ሕግ አድርጋዋለች፤ ጨዋታውም አልቀዘቀዘም።

ስድቡ

አካውንቱ ሲሰረቅ የመጣው ስድብ ከተመለሰም በኋላ አልቆመም። ቲክቶክ ላይ ላይቭ የሚያቀርብ ሰው የማይፈልጋቸውን ቃላት መዝግቦ ኮመንቱ እንዳይታይ ማድረግ ይችላል። ችግሩ ይህ ማጣሪያ ፊደል በፊደል የሚሠራ መሆኑና የአማርኛ ተሳዳቢ ፊደል የማያጣ መሆኑ ነው። «ዕውር» ብቻውን በ«እ» እና በ«ዕ»፣ በ«ው» እና በ«ዉ» ሲጻፍ አራት መልክ አለው። የሴት ቅጥያ ሲጨመርበት፣ በፊደላቱ መካከል ክፍት ቦታ ወይም ነጥብ ሲገባበት ደግሞ ይባዛል። ስለዚህ የተመዘገበው ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ አልነበረም። ከቀረጻዎቹ እየታየ በትክክል የተጻፈበት መልክ ነው የገባው፤ በየሳምንቱም አዲስ የመጣው ይጨመራል፣ የማይመጣው ይወጣል።

አንድ በጎ አሳቢ ረዳት ነገሩን ለማጠንከር ብሎ «ስውር» የሚለውንም አስገባ። ከዚያ በኋላ «እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ ቶክባክ እንዴት ነው የምታስተካክዪው?» የሚሉ ሰዎች ኮመንት መታየት አቆመ። ከላይቩ ጠፍተዋል ተብሎ የታሰቡት ዓይነ ስውራን ተመልካቾቿ እዚያው ነበሩ፤ ድምፃቸው ነው የታፈነው። ቃሉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቃል የሚገባው እሷ ከተስማማች ብቻ ነው።

በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሌላ ነገር ነው። ኢስፒክ እሱን በአግባቡ አያነብም፤ ለጆሮዋ ትርጉም የሌለው ጩኸት ነው። ስድቡን ባለመስማቷ ትድናለች፤ «ቤትሽን አውቀዋለሁ» ብሎ የሚዝት ሰው ግን በዚሁ ፊደል ሊጽፍ ስለሚችል ላቲኑን የሚያነብ ዓይን የግድ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው ድምፅ የሌለው ፌዝ ነው። እንግዳ ሆኖ ወደ ላይቩ የገባ አንድ ሰው በትሕትና እያናገራት በካሜራው ዓይኑን ገልብጦ፣ እጁን ወደፊት ዘርግቶ ይዳብስ ነበር። ኮመንቱ በሳቅ ተሞላ። እሷ እንቆቅልሿ ያሳቃቸው መስሏት አብራ ሳቀች። ቶክባክ ይህን አያነብም፤ የቃል ማጣሪያም አይዘው።

ጠባቂዎቹ

ለዚህ ሰው ያስፈልጋል። በወንፈል ማሳ እንደሚታረስ ሁሉ፣ ላይቭ የሚያቀርቡ አምስት አካል ጉዳተኞችና ወዳጆቻቸው አንዱ የሌላውን ላይቭ በተራ ሊጠብቅ ተስማሙ። ከመካከላቸው መስማት የተሳነው ወጣት አለ፤ ኮመንትንና ምስልን በመከታተል የሚያህለው አልተገኘም። የድምፁን ፍተሻ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። በአንድ ላይቭ ሁለት ጠባቂ ይመደባል፤ አንዱ ኔትወርክ ሲቆረጥበት ወይም መብራት ሲጠፋበት ሌላው እንዲቀር።

ጠባቂ የሚሾመው በቲክቶክ የሞደሬተር ሥልጣን ነው። ኮመንት የሚዘጋበትና ሰው የሚያግድበት ሥልጣን በራሱ አካውንት ስለሚሰጠው የእሷ ፓስዎርድ አያስፈልገውም። «ፓስዎርድሽን ስጪኝና ላግዝሽ» የሚል ሰው ለዚህ ሥራ አይፈለግም። ማጥፋት የሚጀመረውም በደረጃ ነው። ተራ ንቀት ለጊዜው ዝም ይሰኛል። ቤቷን የሚጠይቅ፣ የሚዝት ወይም የሐሰት ሒሳብ የሚለጥፍ ሰው መጀመሪያ ይቀረጻል፣ ከዚያ ይታገዳል። ቀድሞ ከታገደ ማስረጃው አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

እንዴት ይጠሯታል? ኮመንት እንደማይደርሳት ታይቷል፤ በላይቩ ስልክ ላይ ቢደውሉ ድምፁ ይቋረጣል። ለኮድ ያልሆነው ባለ ቁልፍ ስልክ እዚህ ዋለ። ቁጥሩን ጠባቂዎቹ ብቻ ያውቁታል፤ ንዝረት ላይ ተደርጎ ጭኗ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሚስድ ኮል «እንግዳውን አውርጂ»፣ ሁለት ተከታታይ «ስልኩ ያወራል ወይም የማይታይ ነገር ይታያል፣ ማይኩን ዝጊ»፣ ሳያቋርጥ የሚጠራ ደግሞ «ላይቩን ዝጊ» ነው። ሒሳብ አይቆርጥም፤ ተመልካችም አይሰማውም። እንግዳ ማስገባትና ማውረድ በእሷ እጅ እንዲቀር ተደርጓል፤ ማን እንደሚዘልቅ በቤቷ ላይ የምትወስን እሷ ናት።

ጠባቂዎቹ የሚሰለቹበት ጊዜ አለ። ስድብ ሲያነቡ ማምሸት ለእነሱም ከባድ ነው፤ በተለይ ራሳቸው አካል ጉዳተኛ ሲሆኑ ስድቡ ለእነሱም ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በሳምንት ከሁለት ምሽት በላይ አይጠብቅም። የዳታ ወጪያቸውንም እሷ ከጊፍቱ ትሸፍናለች፤ ይህን ያቀረበችው ራሷ ናት፤ ውለታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርባት።

ሕጉ ጋ ሲደርስ

ሁሉም ስድብ በአንድ ሕግ አይታይም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አካል ጉዳተኝነትን በግልጽ ከጠቀሳቸው መሠረቶች አንዱ አድርጎታል፤ የሚይዘው ግን ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። አንድ ሰው «ዕውር» ብሎ መሳደቡ ብቻውን ይህን ላያሟላ ይችላል። «እንዲህ ያሉትን ከሰፈር ማባረር ነው» ብሎ ሰው የሚቀሰቅስ ግን ሌላ ነው።

ለዛቻ የሚቀርበው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 13 በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ማስፈራራትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ በከባድ ሁኔታ ደግሞ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ደጋግሞ መልእክት በመላክ ሰውን ሥነ ልቦናዊ ጫና ውስጥ መክተትም በዚሁ አንቀጽ ነው። በእሷ ፊት የሰው ገንዘብ የሰበሰበው ደግሞ በአንቀጽ 10 ስለ ማታለል ይታያል።

ፖሊስ ጋ የሚቀርበው ማስረጃ መሟላት አለበት። የሚታየው ስም በማንኛውም ጊዜ ስለሚቀየር የአካውንቱ መለያ ስምና ሊንክ፣ ቀንና ሰዓት፣ ከተቻለ ከመግቢያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ የተቀዳ ስክሪን ሪከርድ ያስፈልጋል። ስክሪን ሾት ስታነሳ ምን እንደገባና ምን እንደቀረ እሷ ልታረጋግጥ ስለማትችል የሚያነሳው ጠባቂው ነው። በቴሌግራም ሲላላኩ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ስለሚቀንስ እንደ ፋይል ይላካል፤ ዋናው ካነሳው ሰው ስልክ ላይ አይጠፋም። ክሱን የምታመለክት እሷ ናት፤ ቃሏን ስትሰጥ የተጻፈው ሁሉ ሳትፈርም በፊት እንዲነበብላት መጠየቅ መብቷ ነው።

በቤት በኩል

ከስርቆቱ በኋላ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ሐሳብ «ይቅርብሽ» የሚል ነበር። ቀጥሎም ወንድሟ «ስልኩን እኔ ልያዘው» አለ። በቅንነት ነው፤ ግን ሁለቱም የሌባውን ሥራ ይጨርሱለታል፦ የመጀመሪያው ገቢዋንና ሰዎቿን ይወስድባታል፣ ሁለተኛው ቁልፏን። የተስማሙበት፣ ወንድሟ የላይቩን ቦታ እንዲያዘጋጅ፣ ባናውን እንዲሰቅልና ሲጨርስ እንዲወጣ ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሩን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቀድሞ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀው ነበር።

የድጋፍ ገንዘብም ከስልክ ቁጥር ወደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ተዛውሯል። ሒሳብ ቁጥር ብቻውን ቲክቶክም ሆነ ቴሌግራም አይከፍትም፤ ማንም ሰው ማታ ማታ አይደውልበትም። በአንጻሩ ላኪው ቁጥሩን ሲያስገባ ሙሉ ስሟ ይታየዋል፤ ይህን አውቃ ተቀብላለች። የሐሰተኛ ደረሰኝ ስክሪን ሾት እየላኩ ዕቃ የሚጠይቁ ስላሉ በርኖስ የሚላከው የባንኩ መልእክት በራሷ ስልክ ሲደርስ እንጂ ደረሰኝ በመታየቱ አይደለም።

ያልተጨረሰ አንድ ሥራ አለ። የቲክቶኩና የቴሌግራሙ ፓስዎርዶች ማስመለሻ የሆነው ኢሜይል ራሱ በአንደኛው፣ ሕዝብ በሚያውቀው ሲም ላይ ነው የተመዘገበው። በሚቀጥለው የጠባቂዎች ስብሰባ ወደ ሁለተኛው ሲም ይዛወራል፤ የኢሜይሉ የመጠባበቂያ ኮዶችም በብሬይል ተጽፈው ሳጥኗ ውስጥ ይቀመጣሉ።